ከሬሳ ሳጥን የተረፈ ባስ ጊታር

ባስ ጊታር ቤቴ ውስጥ ልሥራ የሚል ሰው ከገጠማችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጸበል ውሰዱት። እኔን የሚወስደኝ አልተገኘም። ጸበሉ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ቤታችን ልደታ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ። ቅዳሴውን አልጋችን ላይ ሆነን እንሰማዋለን። እናቴ ይህን በረከት ትለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ተነሥቶ ላለመሄድ ጥሩ ምክንያት አድርጌው ኖሬያለሁ።

አስቀድሜ ስለ እጄ ልንገራችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። በየደብዳቤው ግርጌ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ስመታ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ እነዚህ ጣቶች ከዚህ ለተሻለ ነገር ተፈጥረዋል የሚል ስሜት ይይዘኛል። ስሜቱ ሲይዘኝ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይበላሻል። በራችንን ጠግኜው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚከፈተው በትከሻ ከፍ ተደርጎ ነው። ሬዲዮናችንንም ጠግኜዋለሁ። ከጥገናው በኋላ ከአንድ ጣቢያ በቀር አልይዝ አለ፤ ደግነቱ ሌላውን ጣቢያ መስማት ያስጠይቅ ስለነበር እናቴ መረቀችኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ወጣት ወንድ ልጅ ቤት ተቀመጠ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ይሰጠዋል፤ ኮታውን ደግሞ ከየቤቱ ይሞላል። የተወሰደው ሰሜን ይሄዳል። ከሰሜን የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ ስለቀረው አይወራም። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እናቴ ያላት እኔና ሰለሞን ብቻ ነን። እኔ መነጽሬን ካወለቅኩ ወዳጅና ጠላት አልለይም፤ ስለዚህ አገሬ አልፈለገችኝም። ሰለሞን ግን ዓይኑም ጥርሱም ቁመናውም ሙሉ ነው። እናቴ አንድ ቀን ልጇ ግቢውን ሲያቋርጥ እያየች «ምነው ትንሽ እንኳ ባነከሰ» ስትል ሰምቻታለሁ።

ኮታ ሲመጣ የሚዘለሉ ልጆች አልጠፉም፤ የቀበሌው ኪነት ቡድን አባላት ናቸው። በበዓሉም በስብሰባውም መዝፈን ስላለባቸው ማንም አይነካቸውም። ሰለሞን ደግሞ በትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ ባስ ጊታር ተጫውቷል። ጆሮው ለጉድ ነው። ቄሱ ቅዳሴ ላይ ከዜማው ትንሽ ዝቅ ካሉ ሰለሞን አልጋው ላይ ይገላበጣል።

እናም አንድ ቀን ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ዘለቀ ቆመዋል። ወንድሜ ባስ ጊታር እንደሚጫወት ነገርኳቸው።

«ምን ዋጋ አለው ጓድ፤» አሉኝ። «ኪነታችን ከበሮ አለው፣ አኮርዲዮን አለው፣ ጊታር አለው። ባስ የለንም። ባሱን ይዞ የሚመጣ ልጅ ቢገኝማ የዚያኑ ቀን አባል ነው።»

ስኳሬን ጥዬ ወጣሁ። እውነቴን ነው፤ ተራዬ ደርሶ ነበር።

ባስ ጊታር የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ያላቸው ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው። አንድ አብሮ አደጌ ሆቴል ውስጥ ባስ ይጫወት ስለነበር ከሰለሞን ጋር ሄደን ለመንነው። ባሱን እንደማይሰጠን ግልጽ ነው፤ ግን ቅርጹን እንድንወስድ ፈቀደልን። ጋዜጣ መሬት ላይ ዘርግተን ባሱን አስተኛነውና በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርን። ቤት ስንደርስ በመቀስ ልቆርጥ ስጀምር ሰለሞን እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ተው! እየው እስቲ!»

አየሁት። መስመራችን በመሪያችን ፎቶግራፍ አንገት ላይ ያልፋል። ጋዜጣ በዚያን ጊዜ ፎቶግራፋቸው የሌለበት ገጽ የለውም። እኔ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ማን ቆሻሻ እንደሚበረብር አላውቅም። አንገታቸውን ከምቆርጥ ብዬ ዞርኩላቸው፤ ራሳቸውን ከነቆባቸው እንዳለ ትቼ በዳር በዳር ቆረጥኩ። የባሳችን አንደኛው ቀንድ ከሌላው ወፍሮ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ ያዩት ሰዎች «ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲሉኝ «ለድምፁ ነው» እላቸው ነበር።

ከዚያ እንጨት ቸገረን። አናጢዎቹ ሁሉ በማኅበር ተደራጅተው ነበር፤ ያለ ፈቃድ ጣውላ አይሰጡም። ደረቅ እንጨት እጁ ላይ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ሰንጋ ተራ መውረጃ ላይ የሬሳ ሳጥን የሚሠሩት ጋሽ ሸምሱ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ጥሩ ደረቅ እንጨት ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለሰለሞን።»

«ያ አላህ!» ብለው መዶሻቸውን ጣሉት። ልጁ ደህና እንደሆነ፣ የምፈልገው ለጊታር እንደሆነ እስካስረዳ ድረስ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሳቁ። ሥራ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቃቸው ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ጦርነቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ‹ሸምሱ ሀብታም ሊሆን ነው› አለኝ። የታለ? እኛ እንደሆን በከፈን ነው የምንቀበር፤ የምሠራው ለእናንተ ነው። የእናንተም ልጆች እዚያው ቀሩ። ሳጥን የሚገዛልኝ ሽማግሌ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ ልጄን ሳላይ አልሞትም ብሏል።»

ከጓዳ አንድ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ አወጡ። ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ያስቀመጡት ነው። ሐኪም ተስፋ ቆርጦ፣ ቤተሰቡ ሳጥን አዝዞ፣ ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠየቀ። «ይኸው አሁን በደጄ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም፤» አሉ ጋሽ ሸምሱ። የክረምት ካፖርቴን ሰጥቼ ጣውላውን ወሰድኩ።

አሁን ስሙኝ። ጣውላው ለአንድ ሰው ይከብዳል። በቀን ይዘነው ብንሄድ ደግሞ ከየት አመጣችሁት መባል አለ። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ገና ሲነጋ፣ ጋሽ ሸምሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ተሸክመነው ወጣን። ጋሽ ሸምሱ ልማድ ሆኖባቸው መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ማለዳ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ያን ጠዋት ግን አልታሰበኝም።

ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ ሸምሱን የማያውቅ የለም። ለቅዳሴ የሚሄዱ ሴቶች አዩን፤ ሜትሩን አዩ፤ እንጨቱን አዩ። አንዷም ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። መርዶ እንዲህ ነው፤ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ይከተላል። ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከኋላችን ተሰለፉ። እኔ ዞር ስል ሰው በዝቷል፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ በእኛ በኩል በር ከፈተ እንዴ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ግቢያችን ውስጥ የምንኖረው እኛና እትዬ ወርቄ ነን። የእትዬ ወርቄ አንድ ልጅ ጌታቸው ሰሜን ነው፤ ከሄደ ወሬው የለም። እንግዲህ ከተከተለን ሰው ግማሹ የሞተችው የእኔ እናት ናት ብሏል። እናቴ ጫጫታውን ሰምታ በሩን በትከሻዋ አንሥታ ወጣች። ያንን ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ስታይ፣ በቃ የጌታቸው መርዶ መጣ ብላ ደረቷን እየደቃች ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ሞታለች ያለው ወገን እሷ በሕይወት ቆማ ስታለቅስ አየና የሞተው ጌታቸው መሆኑን አረጋገጠ። እድሩ ተጠርቶ ድንኳኑን መዘርጋት ተጀመረ። እኔ ጣውላውን እንደያዝኩ መሃል ቆሜያለሁ፤ ማስቀመጫ ቦታ የለም።

እትዬ ወርቄ በራቸውን ከፈቱ።

የዚያን ሴት ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። በዚህ ላይ የምቀልደው ነገር የለኝም። «ጌትዬ! ጌታቸው!» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ። ጣውላውን ጥዬ ሮጬ ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አልሞተም አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ጮክ ብዬ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጌታቸው አልሞተም አልኩ።

«ታዲያ ሳጥኑ የማነው?» አሉኝ ቀና ብለው።

«ሳጥን አይደለም፣ እትዬ። ባስ ጊታር ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ ወርቄ ትንሽ አዩኝና በጥፊ አጮሉኝ። መነጽሬ የት እንደደረሰ ያወቅነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከዚያ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንደገና ማልቀስ ጀመሩ፤ አሁን ቀስ ብለው። እናቴ አጠገባቸው ሄዳ «አልሞተም እኮ፣ እትዬ ወርቄ፣ ተዉ» ብትላቸው፣ «የጀመርኩትን እንባ የት ልመልሰው?» አሏት። እናቴም አብራቸው አለቀሰች። እድርተኛው ድንኳኑን እያጠፈ፣ እኔን እየተሳደበ ሄደ። ያ ቀን ካለፈ በኋላ እትዬ ወርቄ ባዩኝ ቁጥር «ከጌታቸው ምን ሰማህ?» ይሉኛል። አልሞተም ያልኳቸው እኔ ነኝና የማውቀው ነገር ያለ መሰላቸው።

ሥራው ተጀመረ። በመጋዝ ስቆርጥ ጠማማ ነው፤ በመሮ ስፈለፍል ጥልቅ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ግን ማንም አይችለኝም፣ ምክንያቱም ያበላሸሁትን ሁሉ የማጠፋው በእሱ ነበር። አንገቱ ላይ የጣት መደቦቹን በሜትር ለክቼ ሽቦ ቀበርኩ። ሰለሞን ክር ወጥሮ ሞከረና «ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ በዓለም ላይ የለም» አለኝ። ነቅለን በእሱ ጆሮ እየተመራን እንደገና ቀበርን።

ክሩንና እየዞረ ክሩን የሚያጠብቀውን መቃኛ የሰጠን ያው የሆቴሉ አብሮ አደጌ ነው። ክሮቹ ያረጁ፣ ላብ የጠጡ ናቸው፤ ሲቀቀሉ ድምፃቸው ይመለሳል ብሎ መከረን። የእናቴን ድስት ጥደን ቀቀልን። እናቴ ከገበያ መጥታ ክዳኑን ከፈተች።

«ጾም እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል?» አለችን።

«ሥጋ የለበትም፣ እማዬ» አላት ሰለሞን።

ድምፁን የሚይዘውን ነገር ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመጠምጠም ሠራነው። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። እኔ ስጠመጥም ይበጠሳል፤ ሰለሞን ሲጠመጥም ይበጠሳል። እናቴ ድሮ ጥጥ ስትፈትል ስለኖረች ከእጃችን ተቀብላ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። በየዙሩ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም፤ የሁለታችንም ሐሳብ አንድ ነው። ያ ጥቅልል ውስጥ ከመዳቡ ይልቅ ጸሎቱ ይበዛል።

ባሱን ከጠገንኩት ሬዲዮ ጋር አገናኘነው። ሬዲዮው ግን ዜናውን አላቋርጥም አለ። ስለዚህ አንባቢው ስለ ጀግናው ሠራዊታችን ድል እያነበበ፣ ሰለሞን ከሥሩ ባስ ይመታለት ነበር። ዜናው እንደዚያ ጊዜ አምሮበት አያውቅም።

የቀረው ቫርኒሽ ነው። ጋሽ ሸምሱ ከሳጥን የተረፈ በጣሳ ሰጡን። ክረምት ነበር። ቀባነው፣ ሰቀልነው፣ ጠበቅነው፤ አልደርቅ አለ። ዝንብ መጣበት፣ አነሣንለት። የእናቴ ዶሮ ክንፏን አስነክታ ላባዋን ትታ ሄደች። እየፈተግን እንደገና ቀባን። ይህን ስናደርግ የቀበሌው ኮታ እንደመጣ ተወራ፤ በዚያው ሰሞን ጓድ ዘለቀ የኪነት ፈተናው ነገ ነው ብለው ላኩብን። ባሱ ፊቱ ደርቋል፤ ጀርባው ግን አሁንም እጅ ይይዛል። ምን እናድርግ? ሰለሞን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ባሱን አነገተ።

በቀበሌው አዳራሽ ኮሚቴው ተቀምጧል፣ ሕዝቡም ተሰብስቧል። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ነች። ሰለሞን ባሱን ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ መጫወት ጀመረ። የምታውቁት የሰልፍ መዝሙር ነው፤ ግን ያ ድምፅ ወለሉን አልፎ በእግራችን ገባ። እኔ፣ በሕይወቴ ደህና በር ሠርቼ የማላውቅ ሰው፣ ያ ድምፅ ከእጄ ሥራ ሲወጣ ስሰማ አለቀስኩ። ወንድሜ ዳነ አልኩ። በእውነት እንዲያ ነው ያልኩት።

ጓድ ዘለቀ ብድግ አሉ።

«ጓዶች! ይህ የሰፊው ሕዝብ የፈጠራ ችሎታ ነው! ይህን የመሰለ ነገር በአንድ ግለሰብ ቤት ተቀምጦ ሊበላሽ አይገባውም። ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌያችን ንብረት ሆኗል። ለለጋሹ ቤተሰብ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ ልጇ የተመረጠ መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሳያጨበጭብ የተገኘ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ባሱን ሊወስዱ ወደ ሰለሞን ቀረቡ፤ ባሱ ግን አልላቀቅ አለ። የሰለሞን ሸሚዝ ቫርኒሹ ላይ ተጣብቋል። አንዱ ልጁን ያዘ፣ አንዱ ባሱን ይዞ ጎተተ፤ ሰዉ ሳቀ። ሸሚዙ ተቀደደና ደረቱ ላይ የነበረው ጨርቅ ከነቁልፉ ባሱ ጀርባ ላይ ቀረ። ሰለሞን በተቀደደ ሸሚዝ መሃል አዳራሽ ቆሞ እኔን ያየኝ ነበር።

ጓድ ዘለቀን በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«ሰለሞንስ፣ ጓድ?»

«ሰለሞን ለእናት አገር ጥሪ ብቁ የሆነ ወጣት ነው።»

«ባሱን ይዞ የመጣ ልጅ አባል ነው ብለውኝ አልነበረም? ባሱንስ ማን ሊጫወተው ነው?»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር የእህት ልጅ ተመድቧል።»

«ይችላል?»

«ይማራል፤» አሉኝ ጓድ ዘለቀ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉኝ።

ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቤት እስክንገባ ታገሥኩ። ስትሰማ አልጮኸችም፤ ሰለሞንን ጠርታ የተቀደደውን ሸሚዙን አውልቅ አለችውና መስፋት ጀመረች።

የሽኝቱ ቀን ጠዋት የጭነት መኪኖቹ ቀበሌው ሜዳ ላይ ተደረደሩ። እናቴ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዛለች። ልጆቹ ተጭነዋል፤ ሰለሞን ከጎን ብረቱን ይዞ ቆሟል። ኪነቱ ለሽኝቱ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ባሳችንን አንግቷል። ዘፈኑ ተጀመረ። ልጁ ባሱን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል፤ ከሁሉ የባሰው ግን አንዱ ክር ረግቦ ነበር። እኔ እንኳ የሰማሁት ክር ሰለሞንን ምን እንዳደረገው አስቡት። ጥርሱ ላይ አሸዋ የገባበት ሰው መሰለ።

ከመኪናው ላይ እጁን ወደ መድረኩ አነሣ። ጣቶቹን ሰብስቦ በአየር ላይ አዞራቸው፤ አጥብቀው፣ አጥብቀው፣ ማለቱ ነው። ልጁ አላየውም። ሰለሞን ደገመው፤ በሙሉ ክንዱ እያዞረ፣ እየተናደደ። መኪናው ሲነሣም አልተወውም።

እናቴ ከመድረኩ ሥር ቆማ ነበር። እሷም እጇን ከፍ አድርጋ ልክ እንደ እሱ ታዞራለች። መኪናው እስኪርቅ ድረስ እናትና ልጅ እጃቸውን አዞሩ።

እኔ በሰው መሃል ተጋፍቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማንም አላስቆመኝም። ዘፈኑ ሳይቋረጥ መቃኛውን ይዤ አዞርኩት፤ ክሩ እየጠበቀ እየጠበቀ መጥቶ ልክ ሲሆን እንባዬ ልጁ እጅ ላይ ወረደ። «እናመሰግናለን፣ ጓድ» አለኝ ልጁ። ድምፁ አሁን ጥሩ ሆኗል። መኪኖቹ ግን ወደ ሜክሲኮ ታጥፈዋል።

ሰለሞን አልተመለሰም። የት እንደቀረ የነገረን የለም። እናቴ እስካረፈች ድረስ ቤታችን ለገባ ሰው ሁሉ ስለዚያ ጠዋት ታወራ ነበር።

«ያ ሁሉ ሰው ባለበት ዓይኑ የፈለገው እኔን ነው። እጁን እያወዛወዘ ነው የተሰናበተኝ፤» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። «አንተም አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ፣ እማዬ፤» እላታለሁ። «አንቺን ነበር የሚያየው።»